ኢንሱሊን ለሚወጋ ታማሚ አስታማሚውም ይሠልጥንለት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳር በሽታ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እንከታተላለን። ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ክብደት ብዙ ተብሏል፣ ጥሩም ተብሏል። ብዕር ያነሳነው ያልተነካ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። እኛ የስኳር ሕሙማንን የምንከታተል ነርሶች ነን። ሐኪም ታማሚውን የሚያየው በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሕክምና የሚሠራው ቤት ያለው ሰው ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ አንዳንዴም ገና ትምህርት ቤት የሚሄድ የልጅ ልጅ። ይህ ሰው መድኃኒቱንና ማዘዣውን ተቀብሎ ይወጣል እንጂ መርፌ ሲቀዳ አይቶ ያረመው የለም። «በትእዛዙ መሠረት ይውሰዱ» የሚለው ቃል ደግሞ እንዴት እንደሚወሰድ አያስተምርም።

ከመርፌው እንጀምር። ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት ነው። በብዛት የሚገኘው ብልቃጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ሲሆን፣ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ በጠቅላላው 1000 ዩኒት አለው። ሆኖም በአንዳንድ ቦታ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊንና ለእሱ የተሠራ መርፌ አሁንም አለ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አደጋው ከባድ ነው። ለ40 በተሠራ መርፌ ላይ 20 የሚለው መስመር ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። በዚያ መርፌ ባለ 100ውን ኢንሱሊን የቀዳ ሰው 20 የሰጠ መስሎት 50 ዩኒት ይሰጣል። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ ባለ 40ውን ኢንሱሊን ለ100 በተሠራ መርፌ ላይ እስከ 20 የቀዳ ሰው የሚሰጠው 8 ዩኒት ብቻ ነው፣ ስኳሩም አልወርድ ይላል። ስለዚህ አዲስ መርፌ በተገዛ ቁጥር በመርፌው ላይ የተጻፈው ቁጥር በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ። አብዛኛውን ጊዜ የባለ 100ው መርፌ ክዳን ብርቱካናማ፣ የባለ 40ው ቀይ ነው፤ ግን ቀለሙን ብቻ አይታመኑ፣ ቁጥሩን ያንብቡ።

በባለ 100ው ውስጥም ልዩነት አለ። እስከ 100 ዩኒት በሚይዘው ባለ 1 ሚሊ ሊትር መርፌ ላይ በአብዛኛው አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ እስከ 50 በሚይዘው ላይ ግን 1 ዩኒት ናት። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ አስታማሚ መስመር እየቆጠረ የሚቀዳ ከሆነ መጠኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርገዋል። መቆጠር ያለበት መስመሩ ሳይሆን መነበብ ያለበት ቁጥሩ ነው። እንደ 7 ወይም 11 ያለ ጎዶሎ መጠን ለታዘዘለት ሰው ባለ 50ው መርፌ ይሻላል።

አቀማመጡ ላይ ሁለት ስሕተት እናያለን። አንደኛው ሙቀት ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተው ፀሐይና እሳት በማይደርስበት፣ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ትክክለኛው ገደብ በማሸጊያው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ28 ቀን የሚጨርሰው 560 ዩኒት ነው፤ 440ው ይተርፋል። ይህን መጣል ብክነት ስለሚመስል ብዙ ቤተሰብ ይቀጥልበታል፤ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲጨምር ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው የቆየ ብልቃጥ ነው። የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፣ እሱን የሚፈራው ሰው ጥቂት ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ አንዳንዴም በዓይን አይለይም። ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶ ማውጫው አጠገብ ወይም ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይቀመጥ። በመንገድ በበረዶ ከረጢት ሲያዝም በጨርቅ ተጠቅልሎ በረዶውን እንዳይነካ ይደረግ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይበቃዋል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ማኖር ነው። ውሃው እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ በሆነበት አገር ግን ብዙም አይረዳም። ብልቃጡ ውሃ እንዳይገባበት በላስቲክ ይታሠር።

አሁን ወደ መቅዳቱ። ሁለት ዓይነት የሚወጋ ሰው አንደኛው እንደ ውሃ የጠራ ፈጣን፣ ሌላው ወተት የመሰለ ዘገምተኛ ኢንሱሊን ይኖረዋል። ወተት የመሰለው ሲቀመጥ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል። ሳይዋሐድ ከተቀዳ አንድ ቀን ውሃው፣ ሌላ ቀን ዝቃጩ ይገባል፣ ስኳሩም ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል። በሁለት መዳፍ መካከል 10 ጊዜ ማሽከርከር፣ 10 ጊዜ ደግሞ ቀስ ብሎ ገልበጥ መለስ ማድረግ ነው። በኃይል አይናጥም፤ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ መጠን ይቀንሳል። ከተዋሐደ በኋላ ጓል የታየበት ወይም ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ የተጣበቀ ነገር ያለበት ይጣላል። ጥርት ያለው ከደፈረሰም እንዲሁ።

ሁለቱ በአንድ መርፌ እንዲሰጡ ከታዘዘ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እጅ ይታጠባል። ከወተት መሰሉ የታዘዘውን ያህል አየር ይሳብና ወደዚያው ብልቃጥ ይገፋል፣ መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ ይወጣል። ቀጥሎ ከጥርት ያለው የታዘዘው ያህል አየር ወደ እሱ ይገፋል፣ ብልቃጡ ይገለበጣል፣ መድኃኒቱ ይቀዳል። አረፋ ካለ መርፌውን በጣት መታ መታ አድርጎ መመለስ ነው። በመጨረሻ ወተት መሰሉ ይቀዳል። 8 ጥርት ያለና 14 ወተት መሰል የታዘዘለት ሰው መርፌ መጨረሻ ላይ 22 ላይ መቆም አለበት። 24 ላይ ከደረሰ ትርፉን ወደ ብልቃጡ መመለስ አይቻልም፣ ተቀላቅሏልና፤ ይደፋና እንደገና ይቀዳል። አየር የሚገፋው ብልቃጡ ባዶ እየሆነ ሲሄድ መድኃኒቱን ወደ ኋላ እንዳይስብ ነው። ጥርት ያለው የሚቀድመው ደግሞ ወተት መሰሉ ወደ እሱ ከገባ ፈጣንነቱን ስለሚያበላሸው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ግላርጂን የሚባለው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኢንሱሊንም ጥርት ያለ ነው፣ ከምንም ጋር አይቀላቀልም። ሁለት ጥርት ያሉ ብልቃጦች ያሉበት ቤት በአንደኛው ላይ ወፍራም ላስቲክ ይጠምጥምበት፤ በሌሊት፣ በደብዛዛ መብራት በእጅ ዳሰሳ ይለያል።

ስለሚወጋበት ቦታ ረዘም አድርገን ብንጽፍ ይፈቀድልን፣ በጣም የሚዘነጋው እዚህ ነውና። ሆድ ላይ ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ የጭን የፊትና የውጭ ጎን፣ የመቀመጫ የላይኛው ክፍል፣ የክንድ የኋላ ገጽ ይወጋል። ቆዳው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀስ ተብሎ ይቆነጠጣል፤ ከሲታ ሰው ከሆነ መርፌው 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ ይገባል፣ አለዚያ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ስኳሩን በድንገት ያወርደዋል። ከወጉ በኋላ አይታሽም። በብዕር መሰሉ መሣሪያ የሚወጋ ሰው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ እስከ 10 ቆጥሮ ይንቀለው፤ ከቸኮለ መድኃኒቱ በቆዳው ላይ ይንጠባጠባል።

አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋት ከቆዳ ሥር ስብ ያሳብጣል። በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ጣትን ሳሙና ወይም ቅባት ነክቶ ቦታውን ሲዳስሱት ግን ከአካባቢው ጠንከር ወይም ጎርበጥ ይላል። ታማሚው እዚያ ቦታ ላይ መወጋት ይወዳል፤ አያመውም። መድኃኒቱ ግን ከዚያ በደንብ አይመጠጥም። የሚከተለውን ደጋግመን እናያለን፦ ስኳሩ ከፍ ይላል፣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ አሁንም ከፍ ይላል፣ እንደገና ይጨመራል። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ጤነኛ ቆዳ ላይ ይወጋል፤ ያ የተጨመረው ሁሉ በአንዴ ይሠራና ታማሚው ራሱን ይስታል። ስለዚህ እብጠት የተገኘበት ሰው ቦታውን ከመቀየሩ በፊት መጠኑ መቀነስ እንዳለበት ለሐኪሙ ይናገር፣ በነዚያ ቀናትም ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ። ለመከላከል ሆዱን በሐሳብ አራት ቦታ ከፍሎ በየሳምንቱ አንዱን መጠቀም፣ በዚያም ውስጥ ካለፈው ቦታ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል መራቅ ነው። እብጠቱ እንዲሟሽሽ ወራት ይፈልጋል።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ወፍራም ክዳን ወዳለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ይገባል። አስታማሚውን ከወጋው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ አይጭመቀው፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። መርፌም ሆነ ብዕር መሰሉ መሣሪያ፣ ጫፉ ቢቀየርም፣ ለሁለት ሰው አይሆንም።

የስኳር መውረድ ሁሉም ሰው የሰማው ነገር ይመስለናል፣ ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ይደናገጣል። በመለኪያው ላይ ከ70 mg/dL በታች (በሌላው አሃድ ከ3.9 mmol/L በታች) ከሆነ ስኳሩ ወርዷል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ግን ምልክቱ ቁጣ፣ ዝምታ፣ የማይያያዝ ንግግር ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ይላል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት፣ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቁታል፣ ላቡ ግን ይቀራል። ሌሊት አንሶላው በላብ ከራሰ፣ ታማሚው ከቃዠ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው ከተነሣ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሁለት ቀን ይለካ።

መለኪያ ከሌለ ወይም ከራቀ አይፈለግ፣ በምልክቱ ብቻ ይታከም። የሚሰጠው 15 ግራም ስኳር ነው፦ ሳይቆለል የተሞላ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ። ስኳር የለሹ ለስላሳ አይጠቅምም። ቸኮሌትም አይመረጥም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልተሻለው መድገም፣ ከተሻለው ደግሞ የሚቀጥለው ምግብ ሩቅ ከሆነ ጠንከር ያለ ነገር ማብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ ይተኛ፣ ግሉካጎን የሚባለው ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለና መስጠት የተማረ ሰው ካለ ይሰጠው፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ቢነቃም ቤት መቅረት የለበትም፤ መድኃኒቱ ብዙ ሰዓት ስለሚሠራ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊጥለው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚደሰትበትን፣ እኛን ግን የሚያሳስበንን ነገር እንንገራችሁ። ለዓመታት 40 ዩኒት ይወጋ የነበረ ሰው ምንም ሳይለውጥ በ20 ስኳሩ የሚወርድበት ከሆነ በሽታው ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። ኢንሱሊንን ከሰውነት የሚያጸዳው በከፊል ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይውል ሳያድር የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሌላ የሚደጋገም ስሕተት ታማሚው ትኩሳት ይዞት ምግብ ሲያቅተው ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቆም ነው። ኢንፌክሽን ስኳርን ይጨምራል፣ ባይበላም። በተለይ ከልጅነት ጀምሮ በኢንሱሊን ብቻ የሚኖር ሰው የዘገምተኛውን ኢንሱሊን ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም፤ መጠኑ ሊቀየር ይችላል እንጂ። በየ4 ሰዓቱ ይለካ፣ ውሃ በብዛት ይጠጣ። ውሃ እንኳ የማይረጋለት ከሆነ፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ፣ ሆዱን ካመመው ወይም ከደነዘዘ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው እንዲያቋርጥ ሐኪሙን ይጠይቅ።

መለኪያውን በተመለከተ ጥቂት እንበል። ጣቱ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ፍራፍሬ የላጠ ጣት ላይ የተለካ ስኳር በሐሰት ከፍ ይላል። ከጣቱ ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ ይወጋ። የስትሪፑ (ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ዕቃ ወዲያው ይከደን፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ቁጥሩ ሲመዘገብ ሰዓቱ፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑና የተወጋው መጠን አብሮ ይጻፍ። 210 የሚል ቁጥር ብቻውን ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር የለም።

እግር በየቀኑ ይታይ፣ ማታ ካልሲው ሲወልቅ። ነርቩ የተጎዳ ሰው ሚስማር ቢወጋውም ስለማይሰማው ሕመም አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። አስታማሚው በጣቶቹ መካከል፣ ተረከዙንና የውስጥ እግሩን ይይ፤ በእጁ ጀርባ ይዳስስ፣ ከሌላው እግር የሞቀ ቦታ ካለ ከሥር ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። ካልሲው ላይ የእርጥበት ምልክት ይፈለግ። የሚታጠብበትን ውሃ ሙቀት የሚፈትነው አስታማሚው ነው፣ ታማሚው በእግሩ አይፈትን። በጣቶች መካከል ይድረቅ፣ ቅባት እዚያ አይቀባ። ጫማው ከመጠለቁ በፊት እጅ ገብቶ ይፈተሽ። የደነደነ ቆዳ በምላጭ አይቆረጥ። ቁስል ከታየ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቀጠሮ አይጠበቅ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይታይ፣ እስከዚያም በእግሩ አይረገጥበት።

ስለ አስታማሚው ራሱ ደግሞ። ታማሚው ማድረግ የሚችለውን አትውሰዱበት። ዓይኑ ደክሞ መቅዳት ያቃተው ሰው መውጋት ሊችል ይችላል፤ መቅዳቱን ሌላ ሰው ይሥራለት፣ መውጋቱን ግን እሱ። ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቁጣ የሚወርድበት ታማሚ ደግሞ ቁጥር መደበቅ ይጀምራል፣ ደብተሩ ላይ ያልተለካ 130 ይጽፋል፣ ሐኪሙም በዚያ ደብተር ተመርቶ መድኃኒት ያዛል። ይህ ተግሣጽ ከጣፋጩ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ቢያንስ ሁለት ሰው መውጋትና የስኳር መውረድን ማከም ይወቅ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበት ቤት ያ ሰው ሲታመም ወይም ሲደክም መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሌሊት መለካቱም በተራ ካልሆነ የአስታማሚው እንቅልፍ ያልቅና ጠዋት መጠን የሚሳሳተው እሱ ይሆናል።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለሙያ ጓደኞቻችን፦ ኢንሱሊን የተጀመረለት ሰው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት አስታማሚው በራሱ እጅ ይቅዳ፣ የሚወጋበትን ቦታ ያሳይ፣ ስኳር ሲወርድ የሚያደርገውን በራሱ አንደበት ይናገር፤ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ ሁሉም «አዎ» ይላልና። በአንድ ወረቀትም የኢንሱሊኑ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ፣ ሳይበላ ሲቀር የሚደረገው፣ የሚደወልበት ስልክ ተጽፎ ይሰጠው። ለእናንተ ደግሞ፦ ይህን በክፍል በክፍል ከሥዕል ጋር ብታወጡልን፣ በተለይ የባለ 50ውንና የባለ 100ውን መርፌ መስመሮች በትክክለኛ መጠናቸው ጎን ለጎን ብታትሙ፣ አንባቢ ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈዋል። ጽሑፉን ለማዘጋጀትም ሆነ ከመታተሙ በፊት ለማረም ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በስኳር ሕሙማን ክትትል ላይ የምንሠራ ነርሶች